የጎበጠ ጀርባና የአንጎል ሕመም፦ ካይሮፕራክቲክ ለፓርኪንሰን ሕሙማን

የፓርኪንሰን ሕመም ያለበት ሰው ጀርባው እየጎበጠ፣ አንገቱ እየደነደነ፣ ትከሻው እየጠዘጠዘው ሲሄድ የችግሩ ሥር እዚያው አጥንቱና ጡንቻው ውስጥ ነው ብሎ ቢያምን የሚያስገርም አይደለም፤ ዓይን የሚያየውም ሆነ እጅ የሚዳስሰው ይህንኑ ነውና። አከርካሪን በእጅ ተጭኖ ወይም በፍጥነት ጠምዝዞ በማስተካከል ሕመምን አስታግሣለሁ የሚለው ካይሮፕራክቲክ የተባለው ሙያ፣ በተለይ በሰሜን አሜሪካ፣ ከእነዚህ ሕሙማን ጋር የሚገናኘው በዚሁ በር ነው። ግንኙነቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመመዘን ግን ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ታማሚው ከሕክምናው በኋላ ተሽሎታል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ያሻለው ሕክምናው ራሱ ነው ወይ የሚለው ነው። በብዙ ሕመሞች ዘንድ የሁለቱ መልስ ይቀራረባል፤ በፓርኪንሰን ግን ብዙ ጊዜ ይለያያል፣ የሚለያይበትም ምክንያት ከሕመሙ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው።

ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ የገለጸው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ነው። በ1817 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ሲያትት፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹን ያወቃቸው ታመው ወደ እርሱ መጥተው ሳይሆን በመንገድ ሲያልፉ አይቷቸው ነበር። አካል ዕረፍት ላይ ሳለ የሚመጣውን የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ወደ ፊት ማዘንበሉን፣ ሰውን ሳይፈልግ ከእርምጃ ወደ ሩጫ የሚያጣድፈውን አካሄድ ዛሬም ሐኪሞች በሚያደንቁት ጥራት መዘገበ። የሕመሙን መነሻ ግን ሳተ። አስከሬን መርምሮ ግምቱን ለማረጋገጥ ዕድል እንዳላገኘ ራሱ ገልጾ፣ ጉዳቱ በላይኞቹ የአንገት አንጓዎች መካከል በሚያልፈው የሕብለ ሰረሰር ክፍል ላይ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ፤ ስለዚህም ከአንገት በላይኛው ክፍል ደም ማውጣትንና ቆዳውን በሚያቆስል መድኃኒት ፈሳሽ እንዲወጣው ማድረግን መከረ። ካይሮፕራክቲክ ከመወለዱ 78 ዓመት አስቀድሞ የሕመሙ ስም አባት ራሱ አንገትን ጠርጥሮ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ የላይኛውን አንገት በማስተካከል ፓርኪንሰንን ማከም ይቻላል የሚሉ ካይሮፕራክተሮች ጣታቸውን የሚያሳርፉት እርሱ ከጠረጠረው ቦታ ብዙም የማይርቅ ስፍራ ላይ ነው።

ቀጣዩ ምዕተ ዓመት ይህን ግምት አፈረሰው። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ በፓሪስ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በሕሙማኑ አስከሬን ላይ የተጎዳው በመካከለኛው አንጎል ውስጥ የሚገኘው፣ ከጥቁር ቀለሙ የተነሣ ሰብስታንሺያ ናይግራ የተባለው አነስተኛ ቦታ መሆኑን አሳየ። በ1960 ደግሞ ኤህሪንገርና ሆርኒኪዬቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በቪየና የሟቾችን አንጎል መርምረው፣ ከዚያ ቦታ የሚነሡት ሴሎች የሚያመነጩት ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ክፉኛ መመናመኑን አገኙ። ዶፓሚን አንጎል እንቅስቃሴን ሲያዝ የትኛው ይለፍ፣ የትኛው ይቆይ፣ በምን ያህል ጉልበትና ፍጥነት ይከናወን የሚለውን ለመወሰን የሚያስፈልግ መልእክተኛ ነው፤ ሲጎድል እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ያጥራል፣ ጡንቻ ይገትራል። በዓመቱ፣ በ1961፣ ሊቮዶፓ የተባለው፣ አንጎል ውስጥ ሲደርስ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ንጥረ ነገር እዚያው ቪየና ለሕሙማን ተሰጠ፤ ከ1967 ጀምሮም በኒውዮርክ ጆርጅ ኮትዚያስ መጠኑን ቀስ በቀስ በመጨመር የሚዘልቅ ሕክምና እንዲሆን አደረገው። ዛሬም ከመድኃኒቶቹ ሁሉ በተሻለ የሚሠራው እርሱ ነው። የሴሎቹን መሞት ግን ሊቮዶፓም ሆነ ሌላ የታወቀ ሕክምና አያቆመውም፤ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ሲታይ ደግሞ ከዶፓሚኑ ከግማሽ የሚበልጠው አስቀድሞ ጠፍቷል። የማሽተት ችሎታ መቀነስ፣ የሆድ ድርቀትና በሕልም ጊዜ መራገጥ ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመታት ቀድመው ሊመጡ መቻላቸውም ሕመሙ በአንገት አጥንት መዛባት የሚጀምር አለመሆኑን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ካይሮፕራክቲክ የተወለደው በ1895 በአሜሪካ፣ አይዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ነው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሰው እንጂ የተማረ ሐኪም አልነበረም፤ ጆሮው የደከመውን ሃርቪ ሊላርድ የተባለ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባ መርምሮ፣ ከቦታው ወጣ ያለ የመሰለውን አንጓ ተጭኖ ካስተካከለለት በኋላ ሰውየው መስማት ጀመረ አለ። ከዚህ ተነሥቶም ከበሽታዎች መካከል 95 በመቶው የሚመጣው ከቦታቸው የተዛነፉ የአከርካሪ አንጓዎች ነርቭን ሲጫኑ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ፤ መዛነፉንም ሰብላክሴሽን አለው። ከአንድ ሰው ጆሮ እስከ ሰው ልጅ ደዌ ሁሉ የተዘለለው ዝላይ እጅግ ረጅም ነው፤ ሆኖም ትምህርት ቤት ተከፈተለት፣ ተከታይ አገኘ፣ ካንሳስ በ1913 ለሙያው የመጀመሪያውን የፈቃድ ሕግ ስታወጣ ሉዊዚያና በ1974 የመጨረሻዋ ሆነች። በዛሬዎቹ ካይሮፕራክተሮች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ብዙዎቹ የጀርባና የአንገት ሕመም ባለሙያዎች መሆናቸውን ብቻ ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ግን የፓልመርን አስተምህሮ ይዘው አከርካሪ ሲቃና መላው የነርቭ ሥርዓት ይታደሳል ይላሉ። የብሪታንያው የሙያ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት በ2010 ባወጣው መግለጫ ሰብላክሴሽን ታሪካዊ ጽንሰ ሐሳብ እንጂ በሽታን እንደሚያመጣ በምርምር የተደገፈ ነገር አለመሆኑን ያስታወቀ መሆኑ ለዚህ ምዕራፍ ተገቢ ማስረጃ ነው፤ ቃሉ የመጣው ከውጭ ተቺ ሳይሆን ከሙያው ውስጥ ነውና።

የኢትዮጵያ አንባቢ ካይሮፕራክተርን ከወጌሻ ጋር ማመሳሰሉ አይቀርም፤ ሁለቱም በእጅ የሚሠሩ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ባለሙያዎች ናቸው። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ወጌሻ የሚጠራው ለስብራት፣ ለውልቃትና ለወለምታ ነው፤ ካይሮፕራክተር የሚጫነው አንጓ ግን አልወለቀም፣ አልተሰበረምም። አንጓው ሲጠመዘዝ ቋ የሚለው ድምፅም አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማ አይደለም። በ2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰው ጣት እየተሳበ ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀርጸው እንዳሳዩት፣ መገጣጠሚያው በድንገት ሲለያይ በውስጡ ባለው ፈሳሽ መካከል የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁም ከዚህ ጋር አብሮ ይመጣል። ታማሚው ድምፁን ሲሰማ አንድ ነገር እንደተስተካከለ ይሰማዋል፣ ለጊዜውም ጡንቻው ሊላላና ሕመሙ ሊቀል ይችላል፤ የተስተካከለ አጥንት ግን የለም።

እንግዲህ የፓርኪንሰን ታማሚ ወደ ካይሮፕራክተር የሚሄደው ለምንድን ነው? መልሱ ባብዛኛው ሕመም ነው፣ በመንቀጥቀጡ ምክንያት የሚሄደው ጥቂቱ ነው። የትከሻ መጠዝጠዝና መያያዝ መንቀጥቀጥ ከመታየቱ በፊት ሊጀምር ስለሚችል፣ አንዳንዱ ሰው ስለ ፓርኪንሰን ሰምቶ ሳያውቅ ለወራት ትከሻውን ሲያሳሽ ይቆያል። ወገብ ያማል፣ ማጅራት ይደነድናል፣ ንጋት ላይ የእግር ጣቶች ተጨብጠው ይኮማተራሉ። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ዋነኛ ነገር ግትርነት ሲሆን፣ እርሱም በምርመራ ጊዜ በግልጽ ይታያል። ሐኪሙ የታማሚውን አንጓ፣ ማለትም የእጁን መታጠፊያ፣ ይዞ ቀስ እያለ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይለቅ ተቃውሞ ይሰማዋል፣ አንዳንዴም እየተቆራረጠ ይለቃል፤ በዚያው ቅጽበት ታማሚው ሌላኛውን እጁን እንዲጨብጥና እንዲከፍት ሲታዘዝ የመጀመሪያው እጅ ይበልጥ ይገትራል። የተንቀሳቀሰው አንድ እጅ፣ የገተረው ግን ሌላው መሆኑ ግትርነቱ የሚታዘዘው ከላይ፣ ከአንጎል መሆኑን ያሳያል። ጡንቻው ቢታሽ፣ ቢለጠጥ፣ አንጓው ቢገፋ ለጊዜው ይላላል፤ ትእዛዙ ግን አልተለወጠምና ተመልሶ ይገትራል።

የጀርባው መጉበጥም እንዲሁ ነው። ከሕሙማኑ መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ካምፕቶኮርሚያ የተባለ፣ ሲቆሙና ሲራመዱ ወገብ ወደ ፊት ክፉኛ የሚታጠፍበት ሁኔታ ይታያል። ይኸው ሰው በጀርባው አልጋ ላይ ሲተኛ ግን ወገቡ ተዘርግቶ ይቃናል። አንጓዎቹ ከቦታቸው ተዛንፈው ወይም ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ ተኝቶም ጎባጣ በሆነ ነበር፤ ስለዚህ አከርካሪውን ማቃናት ችግሩ ወዳለበት ቦታ አይደርስም። በርግጥ ዓመታት ሲያልፉ አጥንትና ጅማቱም ይለወጣል፤ ያኔ ሁለቱን መለየት የነርቭ ሐኪምና የራጅ ጉዳይ ይሆናል።

የሕክምናውን ውጤት በተመለከተ በሙያው መጽሔቶች ውስጥ የሚገኘው ማስረጃ ባብዛኛው የአንድ ወይም የጥቂት ሰዎች የሕመም ታሪክ ነው። ከእነዚህ የሚጠቀሰው በ2000 የታተመ ዘገባ የአንድ የፓርኪንሰን ታማሚ የላይኛው አንገት ከተስተካከለ በኋላ ምልክቶቹ ተሻሻሉ ይላል። ዘገባው ሐሰት ነው ለማለት ምክንያት የለም፤ ጥያቄው ምን ያረጋግጣል የሚለው ነው። የፓርኪንሰን ምልክት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሊቮዶፓ በተዋጠ በአንድ ሰዓት ገደማ በሰላም የሚራመድ ሰው መድኃኒቱ ሲያልቅበት በር መሻገር ሊያቅተው ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣት ያብሰዋል፣ ድንጋጤና ጭንቀት መንቀጥቀጡን ያንረዋል፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ መተኛት ያረጋጋዋል። የሚነጻጸር ቡድን በሌለበት ጥናት ከእነዚህ መካከል የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። የአከርካሪ ማስተካከል የፓርኪንሰንን ግስጋሴ እንደሚያዘገይ ወይም መድኃኒትን እንደሚተካ በአስተማማኝ ሁኔታ ያሳየ ቁጥጥር ያለበት ጥናት የለም።

የንጽጽር ቡድን አስፈላጊነት በዚህ ሕመም ላይ ይበልጥ የሚጎላው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ተስፋ ራሱ ዶፓሚንን ያመነጫል። በ2001 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መድኃኒት እንደሚሰጣቸው ለጠበቁ የፓርኪንሰን ሕሙማን ፕላሲቦ፣ ማለትም ምንም መድኃኒት የሌለበት መምሰያ፣ ሰጥተው አንጎላቸውን ፔት በተባለው መሣሪያ ሲመረምሩ በርግጥ ዶፓሚን መለቀቁን አዩ። በሌላ ሕመም ላይ ተስፋ የሚያሻሽለው ስሜትን ነው ቢባል ሊያስኬድ ይችላል፤ እዚህ ግን የጎደለውን ያንኑ ኬሚካል ለጊዜው ይሞላል። በ2015 የታተመ፣ በሲንሲናቲ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ይሻገራል። ለ12 ሕሙማን ሁለት መርፌ ተሰጥቷቸው አንዱ 100 ዶላር፣ ሌላው 1,500 ዶላር እንደሚያወጣ ተነገራቸው፤ ሁለቱም የጨው ውሃ ነበሩ፤ ነገር ግን ውድ ነው የተባለው መርፌ ከርካሹ ይልቅ እንቅስቃሴያቸውን አሻሻለ። ይህ የሕሙማኑን የዋህነት አያሳይም፤ የሕመሙን ጠባይ እንጂ። ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ፣ በእጁ የሚዳስስ፣ ቋ የሚል ድምፅ የሚያሰማና በሙሉ እምነት የሚናገር ባለሙያ፣ ክፍያውም ከበድ ያለ ከሆነ፣ ለዚህ ዓይነቱ ውጤት የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልቶ ይገኛል።

ታሪክ ይህን የፈተነበት አንድ ምሳሌ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ዣን ማርታን ሻርኮ፣ ሕመሙን በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያደረገው ሰው፣ አንዳንድ ታማሚዎቹ በባቡር ወይም በሠረገላ ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ ሕመማቸው ቀለል እንደሚልላቸው ሲነግሩት ልብ አለ። መንገጫገጩ ራሱ ይሆን የሚጠቅመው ብሎም የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠራ፤ በ1892 ባቀረበው ትምህርትም በወንበሩ ላይ የተቀመጡ ሕሙማን ግትርነታቸው እንደሚላላና እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ገለጸ። በማግስቱ ዓመት ስለሞተ ሐሳቡን ሳይፈትነው ቀረ። ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2012፣ በቺካጎ የረሽ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጥያቄውን መልሰው አነሡት፤ ከ20 የሚበልጡ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን የሚያረጋጋ ድምፅ እያሰሙ በሚርገበገብ ወንበር ላይ፣ ሌላውን ድምፁን ብቻ እያሰሙ በማይርገበገብ ወንበር ላይ ለአንድ ወር በየዕለቱ አስቀመጡ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ በመካከላቸውም ልዩነት አልተገኘም። ሁለተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ የሻርኮ ወንበር ዛሬ በብዙ ክሊኒኮች ውስጥ በተገኘ ነበር ብሎ መገመት ከባድ አይደለም። የአከርካሪ ማስተካከል በፓርኪንሰን ላይ የሚጠብቀውም ይኸው ሁለተኛ ቡድን ነው።

ይህ ሁሉ ካይሮፕራክተር ለፓርኪንሰን ታማሚ የሚያደርገው ነገር የለም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ያወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም መድኃኒት ከመጀመር በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት ነገሮች መካከል የአከርካሪ ማስተካከልን ከሙቀት፣ ከማሻሸትና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ይዘረዝራል፤ የማስረጃውን ደካማነትም አይሸሽግም። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ወገቡን ሊያመው ስለሚችል፣ ሕመሙ በርግጥ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የመጣ እስከሆነ ድረስ በጥንቃቄ ሊታከም ይችላል። ለይቶ ማወቂያው አንዱ መንገድ ሰዓት መመዝገብ ነው፤ የትከሻ ሕመሙ መድኃኒቱ ሲሠራ የሚተወውና መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚመለስበት ሰው ችግሩ ያለው ትከሻው ላይ ሳይሆን በመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ላይ ነውና፣ መሄድ ያለበት ወደ ነርቭ ሐኪሙ ነው። በካይሮፕራክተር ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈው ወር ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የባከነ ወር ነው።

ጉዳቱን በሚመለከት ደግሞ የፓርኪንሰን ታማሚ እንደ ጤነኛ ጎልማሳ ሊታይ አይችልም። ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ ፀሐይ የማያገኝ፣ እንቅስቃሴው የቀነሰ ሰው ስለሆነ አጥንቱ የመሳሳት ዕድሉ ከእኩዮቹ የሰፋ ነው፤ የሳሳ አንጓ በድንገተኛ ግፊት ሊሰበር ይችላል፣ ቀድሞ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ ሳይታወቅ የተሰበረም ሊኖር ይችላል። አንገትን በኃይልና በፍጥነት መጠምዘዝ፣ እምብዛም ባይደርስም፣ በአንገት አጥንት ውስጥ አልፎ ወደ አንጎል የሚወጣውን ደም ቅዳ ከውስጥ ሰንጥቆ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ከዚህም ሌላ በአንገት አጥንት እርጅና ምክንያት ሕብለ ሰረሰሩ የተጫነ ሰው እግሩ ይገትራል፣ እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ሽንቱ ያጣድፈዋል፤ ይህ ፓርኪንሰንን ስለሚመስል ከእርሱ ጋር አብሮ ሲመጣ ተሸፍኖ ይቀራል፣ እንዲህ ያለ አንገት መጠምዘዝም አደጋ ነው። አረማመዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ የተበላሸ ታማሚ የአንገት ኤምአርአይ ሳይነሣ ማንም አንገቱን ሊጠመዝዘው አይገባም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበው በጥልቅ አንጎል ማነቃቂያ የሚታከመው ታማሚ ነው። ይህ ሕክምና በ1987 በፈረንሳይ ግሬኖብል የአሊም ሉዊ ቤናቢድ ቡድን የጀመረው ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ የተተከሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ደረት ቆዳ ሥር ከተቀበረ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ፤ የሚያገናኛቸው ገመድ የሚያልፈው ከጆሮ ጀርባ ወርዶ በአንገት ጎን በኩል ነው። የካይሮፕራክተር እጅ የሚያርፈው በትክክል በዚያ መስመር ላይ በመሆኑ አንገትን መጠምዘዝ ገመዱን ሊጎዳው ወይም ሊያላቅቀው ይችላል። ሁለተኛው አደጋ ብዙም የማይታወቀው ነው። አንዳንድ የአካል ማገገሚያና የካይሮፕራክቲክ ክሊኒኮች ጡንቻን ከውስጥ ለማሞቅ የሚጠቀሙበት ዳያተርሚ የተባለ መሣሪያ አለ፤ የሚያመነጨው ኃይል በተተከለው ሽቦ በኩል ተጉዞ ጫፉ ያለበትን የአንጎል ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 ይህን አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ማነቃቂያ የተተከለላቸው ሕሙማን ከዳያተርሚ በኋላ ራሳቸውን ስተው መሞታቸው ከተዘገበ በኋላ ነበር። ስለዚህ ማነቃቂያ ያለበት ሰው ገና ጠረጴዛው ላይ ሳይወጣ ስለ መሣሪያው መናገር ይኖርበታል፤ ባለሙያው ካልጠየቀ ደግሞ ያ ብቻውን ክሊኒኩን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ከአካል ጋር የሚሠሩ ሕክምናዎችን በተመለከተ ጠንካራው ማስረጃ ያለው ታማሚው ራሱ በሚንቀሳቀስባቸው ላይ እንጂ ተኝቶ በሚገፋባቸው ላይ አይደለም። በ2012 በኦሪጎን በ195 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስድስት ወር የሠሩት፣ ጡንቻ ማሳሳብ ብቻ ከሠሩት ይልቅ ሚዛናቸው እንደተሻሻለና መውደቃቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ኔዘርላንድስ ከ2004 ጀምሮ በፓርኪንሰን ላይ የሠለጠኑ ፊዚዮቴራፒስቶችን በመላ አገሪቱ ያስተሳሰረ መረብ ዘርግታለች። እነዚህ ባለሙያዎች ከሚያስተምሩት አንዱ ቀላል ብልሃት እግሩ መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ለሚቆምበት ሰው በወለሉ ላይ መስመር ማስመር ወይም ምት መቁጠር ነው፤ የውስጡ አዛዥ ሲደክም የውጭ ምልክት እርምጃውን ያስነሣዋል። አንዳንድ ካይሮፕራክተሮች ከማስተካከሉ ጎን እንዲህ ያለ ልምምድ ይሰጣሉ፤ ታማሚው ተጠቀምኩ ሲል ለየትኛው ምስጋና እንደሚገባው መጠየቁ አይከፋም።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ካይሮፕራክተር የሚታወሰው ከመኪና አደጋ ማግስት ጋር ተያይዞ ነው፤ ወላጅ ሲንቀጠቀጥና ሲጎብጥ ግን ያው አድራሻ ሊታወስ ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ የነርቭ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት በመሆኑ፣ ከከተማ ርቆ የሚኖር ታማሚ በቅድሚያ የሚያገኘው ወጌሻን፣ አሽቶ የሚያድርለትን ቤተሰብና ጸበልን ነው። ለብ ባለ ዘይት ወይም ቅቤ ማሸት ጉዳት የለውም፣ የደነደነውን ጡንቻም ለጊዜው ያሳርፋል፤ አንገትን በኃይል መሳብና መጠምዘዝ ግን በወጌሻ እጅም ሆነ ዲግሪ በተሰቀለበት ክሊኒክ ያው አደጋ አለው። በሁለቱም ቦታ የሚሰማው እጅግ አደገኛው ምክር መድኃኒቱን ተው የሚለው ነው። ሊቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ከባድ ግትርነት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የአእምሮ መደናገር ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትንም ያሠጋል።

ይህን ሁሉ አውቆ ለወገብ ወይም ለማጅራት ሕመሙ ካይሮፕራክተር ለመሞከር የወሰነ ታማሚ፣ ከነርቭ ሐኪሙ ጋር ከተማከረ በኋላ፣ ቀጠሮውን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ቢያደርገው ጠረጴዛው ላይ መውጣትና መገልበጥ ይቀለዋል። በድንገት ከመጠምዘዝ ይልቅ ለስላሳ ግፊትና ቀስ ያለ ማሳሳብ እንዲደረግለት፣ አንገቱም በፍጥነት እንዳይዞር መጠየቅ ይችላል። ከተኛበት ሲነሣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ጠርዙ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ከዚያ መቆም አለበት፤ በዚህች ቅጽበት መውደቅ ሊደርስ ይችላልና አስታማሚው ከጎኑ ቢሆን ይመረጣል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ከወንበር ተነሥቶ ጥቂት ሜትር ለመራመድና ተመልሶ ለመቀመጥ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት፣ ሌሊት ሕመም ስንቴ እንደሚቀሰቅሰው በወረቀት ተጽፎ፣ ከአራት ወይም ከአምስት ቀጠሮ በኋላ በዚያው የመድኃኒት ሰዓት መልሶ ይለካ። በአሜሪካ አረጋውያንን የሚሸፍነው ሜዲኬር ከካይሮፕራክቲክ የሚከፍለው አከርካሪን በእጅ ለማስተካከል ብቻ ሲሆን፣ መሻሻል ሳይጠበቅ ለዘለቄታ የሚደረገውን አይሸፍንም፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ቀጠሮ በቅድሚያ አስከፍሎ የሚሸጥ ክሊኒክ ገንዘቡን የሚወስደው ከታማሚው ኪስ ነው፣ ወረቀቱም ላይ የተጻፈው ሰከንድ ባይቀንስ አይመልሰውም።